ዲስኩን ማን ያዘው?



ሊኑክስ ላይ የሠራችሁ ሁሉ ኤምኬኤፍኤስ የሚባለውን ትዕዛዝ ታውቁታላችሁ። ባዶ ዲስክ ላይ ፋይል ሲስተም የሚዘረጋ፣ እኛ በተለምዶ «ፎርማት አደረግሁት» የምንለውን ሥራ የሚሠራ ትዕዛዝ ነው። ነጠላ ዲስክ ሰጥታችሁ ስታዙት ቃል ሳይተነፍስ ይሠራል። ዲስኮቹ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ሆነው በሶፍትዌር ሬድ ሲታሰሩ ግን ጠባዩ ይለወጣል። አንዳንዴ «ተይዟል» ይላል። አንዳንዴ «መጠኑ ዜሮ ነው» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ሥራውን ይጀምርና መሐል ላይ ደርቆ ይቀራል። እነዚህን መልሶች ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እኔም በጊዜዬ ይዣቸው ሰው ደጅ ቆሜያለሁ።

ዛሬ ስክሪን ስለሌለን ትዕዛዞቹን በድምፅ እየጠራኋቸው እሄዳለሁ። ሆሄያቱን ለመያዝ አትጨነቁ፤ እነሱ በየትዕዛዙ መመሪያ ውስጥ አሉ። መያዝ ያለባችሁ ቅደም ተከተሉን ነው።

መጀመሪያ ስለ ሬድ ራሱ ሁለት ቃል ልበል። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ክርክራቸው አንድ ግዙፍና ውድ ዲስክ ከመግዛት ይልቅ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ ማሠራት ይሻላል የሚል ነበር። ዲስኮቹ ርካሽ ስለሆኑ መሞታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ አንዱ ሲሞት የቀሩት የእሱን ድርሻ እንዲሸፍኑ ተደርገው ይታሰራሉ። ሬድ ከሚለው ምህጻረ ቃል ውስጥ አንዷ ፊደል በመጀመሪያ የቆመችው «ርካሽ» ለሚለው ቃል ነበር። በኋላ ገበያው «ራሱን የቻለ» በሚል ለወጣት። ማን «ርካሽ» የሚል ዕቃ በውድ ይገዛል? መርካቶ ዞሮ ያገለገለ ዲስክ ለሚገዛው ለእኛ ሰው ግን የጥንቱ ትርጉም ዛሬም ልክ ነው።

ሊኑክስ ውስጥ ይህን ማሰር የሚሠራው ከርነሉ ውስጥ ያለው ኤምዲ የተባለው ክፍል ነው። እኛ የምናዝበት መሣሪያ ኤምዲአድም ይባላል፤ የጻፈው ኒል ብራውን የተባለ አውስትራሊያዊ ፕሮግራመር ነው። ዲስኮቹ ሲታሰሩ ኤምዲ ዜሮ፣ ኤምዲ አንድ እየተባለ የሚጠራ አዲስ ዲስክ ይወለዳል። በእጅ የሚዳሰስ ዲስክ አይደለም። ፋይል ሲስተሙ የሚዘረጋው ግን በእሱ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህ ነገር እንደ ሣር ቤት ነው። ታች ዲስኮቹ አሉ፤ በእነሱ ላይ ፓርቲሽን፤ በፓርቲሽኑ ላይ ሬዱ፤ በሬዱ ላይ ቦታውን የሚከፋፍለው ኤልቪኤም ሊኖር ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ፋይል ሲስተሙ ክዳን ሆኖ ይቀመጣል። ኤምኬኤፍኤስ ክዳን ከዳኝ ነው። ከዳኙ መሰላል ላይ ቆሞ «አልገባም አለኝ» ብሎ ሲጮኽ እኛ እሱን እንቆጣለን። ጣሪያው የተዛባው ግን ብዙ ጊዜ ማገሩ ወይም ምሰሶው ስለተዛባ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተተረተ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልግባ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለፋይል ማስቀመጫ የሚሆን ሰርቨር እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። በጀቱ ጠባብ ስለነበረ ሁለት ያገለገሉ ዲስኮች ከገበያ ገዛሁ። ሻጩ «መንታ ናቸው፤ ከአንድ ማሽን ነው የወጡት» አለኝ። እኔ ይህን የሰማሁት እንደ ምርቃት ነበር። ዲስኮቹን ሰክቼ ማሽኑን ሳስነሣው ኤምዲ 127 የሚባል ዝግጁ ሬድ አገኘሁ። ሳላስረው ታስሮ ጠበቀኝ! ሁለቱም ዲስኮች ጤናማ ናቸው ይላል። ሥራ ተቃለለልኝ ብዬ ኤምኬኤፍኤስን በላዩ አዘዝኩት። መልሱ «መሣሪያው በሲስተሙ የተያዘ ይመስላል፤ እዚህ ፋይል ሲስተም አልሠራም» የሚል ሆነ።

ማውንት የተደረገ ነገር እንዳለ አየሁ፤ የለም። ዲስኩን የከፈተ ፕሮግራም ካለ ብዬ ኤልኤስኦኤፍን ጠየቅሁ፤ ማንም የለም። ፊውዘርንም ሞከርኩ፤ ዝም። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። ከቀትር በፊት የጀመርኩት ነገር መሸ። ከመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው።

«እምቢ አለኝ፣ ጋሼ።»

«እምቢ የሚባል መልእክት የለም። ምን ብሎ ጻፈልህ? ቃል በቃል በለኝ።»

«በሲስተሙ የተያዘ ይመስላል ይላል።»

«እሺ፣ ማን ያዘው?»

«ማንም አልያዘውም። ሁሉንም አይቻለሁ።»

«ተይዟል እያለህ ማንም አልያዘውም ትላለህ? ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል። ማሽን ደግሞ ለመዋሸት ምን ጥቅም አለው?»

ከዚያ ኤልኤስብሎክ የሚባለውን ትዕዛዝ አስጻፉኝ። ይህ ትዕዛዝ ማን በማን ላይ እንደተቀመጠ እንደ ዘር ሐረግ ያሳያል። ዲስኮቹ፣ በሥራቸው ኤምዲ 127፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ አይቼው የማላውቀው የኤልቪኤም ክፍል ተዘርዝሮ መጣ። የድሮው ባለቤት ሬዱ ላይ ኤልቪኤም ነበረው። ማሽኑ ሲነሣ ሬዱን አገኘ፤ በሬዱ ውስጥ ኤልቪኤሙን አገኘ፤ ቀሰቀሰውም። ዲስኮቹን የያዘው የሰው ንብረት ነበር።

ኤልኤስኦኤፍና ፊውዘር ለምን እንዳላዩት ማወቅ ይጠቅማችኋል። እነሱ የሚፈልጉት ፋይል የከፈተ ፕሮግራም ነው። እዚህ የያዘው ፕሮግራም አይደለም፤ ከርነሉ ራሱ ነው። ከርነሉ አንድን ዲስክ «ለብቻዬ» ብሎ የመያዝ መብት ለአንድ ወገን ብቻ ይሰጣል። መብቱን ከሚወስዱት ዋነኞቹ ማውንት የሆነ ፋይል ሲስተም፣ ስዋፕ፣ ሌላ ሬድ፣ ወይም ኤልቪኤም የሚሠራበት ዲቫይስ ማፐር ናቸው። ኤምኬኤፍኤስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያንኑ መብት ይጠይቃል። ቀድሞ የወሰደው ካለ ከርነሉ ይከለክለዋል። ስለዚህ «ተይዟል» የሚል ቃል ስታዩ መጠየቅ ያለባችሁ ከእነዚህ ውስጥ ማን ነው ብላችሁ ነው። ኤልኤስብሎክ ባይኖር እንኳ በሲስ ማውጫ ውስጥ በዲስኩ ስም ሥር «ሆልደርስ» የሚል ክፍል አለ፤ የያዘው ወገን ስሙ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል።

ጋሼ ያን ምሽት ያስተማሩኝ ሌላው ነገር ማፍረስን ነው። ቤት ሲሠራ ከመሠረቱ ነው፤ ሲፈርስ ከክዳኑ ነው። እኔ በወጣትነት ችኮላ ዲስኮቹ ላይ ያለውን የሬድ ምልክት፣ ሱፐርብሎክ የሚባለውን፣ ማጥፋት ፈልጌ ነበር። ኤምዲአድም ይህን አልፈቀደም፤ ሬዱ እየሠራ ነውና። በሆነ መንገድ አጥፍቼው አዲስ ሬድ ብሠራስ? ያው ኤልቪኤም ተመልሶ ሊነሣ ይችል ነበር። ሱፐርብሎኩ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ነው። የዛሬው መደበኛ ሜታዳታ፣ 1.2 የሚባለው፣ ከዲስኩ መጀመሪያ 4 ኪሎባይት ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ ዋናው መረጃ ከእሱ ርቆ ይጀምራል። አዲሱ ሬድ በዚያው ልክ ከተሠራ የድሮው መረጃ በአዲሱ ቤት ውስጥ እንደነበረ ይገኛል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ኤልቪኤሙን ማስተኛት፤ ቀጥሎ ኤምዲው ላይ ያሉትን የድሮ ምልክቶች በዋይፕኤፍኤስ መጥረግ፤ ቀጥሎ ሬዱን ማቆም፤ በመጨረሻ በየዲስኩ ላይ ያለውን ሱፐርብሎክ ማጥፋት። ከዚያ በኋላ አዲሱን ሬድ ከታች ጀምሮ መሥራት።

በነገራችን ላይ የኤልቪኤሙ ስም የአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል መሆኑን ይናገር ነበር። ማውንት አድርጌ ማየት እችል ነበር። አላየሁም፤ ጋሼም ከኋላዬ ቆመው ነበር። ሰው ግን ዲስኩን ሳይጠርግ ይሸጣል ወይ? ይሸጣል። እናንተ ውስጥም ይህን ያደረገ አይጠፋም፤ እጅ አውጡ አልላችሁም።

ያው «ተይዟል» የሚለው መልእክት በጣም ቀላል በሆነ ሌላ ምክንያትም ይመጣል። ሰውየው ሬዱን አስሮ ከጨረሰ በኋላ ኤምኬኤፍኤስን በኤምዲ ዜሮ ላይ ማዘዝ ሲገባው ከአባል ዲስኮቹ በአንዱ ላይ፣ ለምሳሌ በኤስዲቢ 1 ላይ፣ ያዘዋል። እጅ የለመደውን ይጽፋላ። ከርነሉ «ይህ ዲስክ የሬዱ ነው» ብሎ ይከለክለዋል፤ ይህ ክልከላ መረጃ አድኗል። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ሲናደድ ነው። ሬዱን ያቆማል፤ አሁን የሚከለክለው ስለሌለ በአባሉ ላይ ፋይል ሲስተም ይዘረጋል፤ ከዚያ ሬዱን መልሶ ያስነሣል። የተጻፈው የሬዱን ሜታዳታ ደምስሶ ከሆነ ያ ዲስክ ከስብስቡ ይወድቃል። ሜታዳታው ተርፎ ከሆነ ደግሞ ዲስኮቹ የማይጣጣም ነገር ይዘው ጤነኛ መስለው ይቆማሉ። የኋለኛው የከፋ ነው፤ የሚያስጠነቅቅ የለውማ።

የዚህ ግልባጭ የሆነ ስህተትም አለ። ሰውየው በመጀመሪያ ፓርቲሽኖቹ ላይ ፋይል ሲስተም ይዘረጋል፤ ከዚያ ትዝ ሲለው በላያቸው ሬድ 1፣ መንታ ቅጂ የሚይዘውን፣ ይሠራል። ሜታዳታው 1.0 ወይም የጥንቱ 0.90 ከሆነ የሚቀመጠው በዲስኩ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያው አልተነካም፤ ፋይል ሲስተሙ በኤምዲው ውስጥ ይታያል። ሬዱ ግን ለሜታዳታው ሲል ከፓርቲሽኑ ጥቂት አንሷል። ፋይል ሲስተሙ «የእኔ መሬት እስከዚያ ድረስ ነው» ይላል፤ ኤምዲው «እኔ እስከዚህ ብቻ ነኝ» ይላል። ማውንት ሲደረግ ከርነሉ የብሎኮቹ ቁጥር ከመሣሪያው መጠን ይበልጣል ብሎ ይመልሳል። ይህ የድንበር ክርክር ነው፤ ክርክሩ ደግሞ ዳኛ አያስፈልገውም። መረጃ ገና ካልገባበት ፋይል ሲስተሙን በኤምዲው ላይ እንደገና መዘርጋት ነው።

አሁን ስለ አንድ ፊደል ልናገር። ኤምኬኤፍኤስ ለኢኤክስቲ 4 ሲታዘዝ «ግድ» የሚል ትርጉም ያላት ትልቋ ኤፍ አለች። ለኤክስኤፍኤስ ደግሞ ትንሿ ኤፍ ናት። አንድ ሰው ችግሩን ይነግራችኋል፤ ሌላው ከጎን «ኤፍ ጨምርበት» ይላል። ይህን ምክር የምሰማው ለታመመ ሰው «ዝም ብለህ ሩጥ» እንደማለት አድርጌ ነው። የኢኤክስቲ 4 መሣሪያዎች ጸሐፊዎች ራሳቸው ነገሩን ስለፈሩት፣ የተያዘ ወይም ማውንት የሆነ ዲስክ ላይ በግድ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ፊደሏን ሁለት ጊዜ እንዲጽፍ አደረጉ። መመሪያው ላይም ድርጊቱ በእርግጥ አደገኛ መሆኑን ጽፈውታል። ሁለት ጊዜ ማስጻፋቸው በመሐል ሰውየው ያስባል ብለው ነው። ሰው ግን ከሌላ ቦታ ቀድቶ ይለጥፋል፤ ሲለጥፍ አያስብም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ኤምኬኤፍኤስ ሳይከለክል ሲጠይቅም አንብቡት። «እዚህ ላይ ኢኤክስቲ 4 ፋይል ሲስተም አለ፤ በመጨረሻ የተያያዘው በዚህ ማውጫ ላይ፣ በዚህ ቀን ነው፤ ልቀጥል?» ይላችኋል። ቀኑን አይታችሁ ትናንት ከሆነ፣ እባካችሁ፣ ዋይ የሚለውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት ውኃ ጠጡ።

ወደ ሁለተኛው መልእክት ልሻገር፤ «የመሣሪያው መጠን ዜሮ ነው» ወደሚለው። መልእክቱ ሲቀጥል ፓርቲሽኑ ልክ አይደለም ወይም ሠንጠረዡ እንደገና አልተነበበም ይሆናል ብሎ ይገምታል። ግምቱ ለነጠላ ዲስክ ይሠራል። ለሬድ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ተሳሳተ መንገድ ይመራል፤ ሰዎች ፓርቲሽን ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ይውላሉ። ኤምዲው መጠኑ ዜሮ የሆነው ሬዱ ስላልተነሣ ነው። ስሙ አለ፤ ሰውየው ግን ተኝቷል።

ይህን የምታዩት ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ሥር ባለው ኤምዲስታት በተሰኘ ፋይል ውስጥ ነው። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ይህን ፋይል ያዙ። ሬዱ ከተነሣ «አክቲቭ» ይላል፤ ካልተነሣ «ኢንአክቲቭ» ይልና አባላቱን ሁሉ በቅንፍ ውስጥ ኤስ የሚል ፊደል ያደርግባቸዋል። ፊደሏ ተለዋጭ ማለት ናት። ሁሉም ተለዋጭ ከሆኑ ቋሚ የለም ማለት ነው።

ለምን አልተነሣም? እዚህ ላይ የእኛ አገር ጉዳይ ይገባል፤ መብራት። ሬድ 5 ስትሠሩ ኤምዲአድም አንድ ብልሃት ይጠቀማል። አራት ዲስክ ከሰጣችሁት ሦስቱን ቋሚ፣ አራተኛውን እንደጎደለ ዲስክ አድርጎ ይጀምራል፤ ከዚያ አራተኛውን ከሦስቱ ላይ አስልቶ ይሞላዋል። እንዲህ ማድረጉ ስለሚፈጥን ነው። ኤምዲስታት ላይ አራት ከሚሆኑት ሦስት ብቻ ጤነኛ ሆነው፣ በአራተኛው ቦታ ሰረዝ አርፎበት ስታዩ አትደንግጡ። የተሸጠላችሁ ዲስክ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ሙሌቱ እስኪያልቅ ነው። ሙሌቱ እየሄደ ፋይል ሲስተም መዘርጋትም ይቻላል፤ ይዘገያል እንጂ አይከለከልም።

እንግዲህ ሙሌቱ ሳያልቅ፣ ፋይል ሲስተሙም እየተጻፈ ሳለ መብራት ሄደ እንበል። ማሽኑ ሲነሣ ከርነሉ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያያል፤ አንድ ዲስክ ጎድሏል፣ ሲጠፋም በጽሑፍ መሐል ነበር። የጎደለውን ለማስላት ፓሪቲው፣ ለዚሁ ስሌት በዲስኮቹ ላይ የሚጻፈው ትርፍ መረጃ፣ መታመን አለበት፤ ጽሑፉ በመሐል ስለተቋረጠ ደግሞ ፓሪቲው አይታመንም። ስለዚህ «የቆሸሸና የጎደለ ሬድ አላስነሣም» የሚል መልእክት በከርነሉ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ መዝገቡን በዲሜሴጅ ታነቡታላችሁ። እናንተ መዝገቡን ሳታዩ ኤምኬኤፍኤስን ትደግማላችሁ፤ እሱም መጠኑ ዜሮ ነው ይላችኋል። ሬዱ አዲስና ባዶ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ታቆሙታላችሁ፣ ከመጀመሪያው ትሠሩታላችሁ፣ ዩፒኤስም ትገዛላችሁ።

ሬዱ መረጃ የነበረው ከሆነስ? ያን ጊዜ ኤምኬኤፍኤስ ምን ሊሠራ መጣ? ይህን በቁጣ የምናገረው ስላየሁት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፋይሎቹ አልታዩም፤ ባለሙያው «ፋይል ሲስተሙ ጠፍቷል» ብሎ አዲስ ሊዘረጋ ተነሣ። መጠኑ ዜሮ ነው የሚለው መልእክት ባይከለክለው ኖሮ የዓመታት ሥራ ባንድ ምሽት ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ሬድ የሚነሣው በኤምዲአድም «አሰምብል» በሚለው ነው። ከዚያ በፊት በየዲስኩ ላይ «ኤግዛሚን» ብላችሁ «ኢቨንትስ» የሚለውን ቁጥር ታነጻጽራላችሁ። ቁጥሮቹ እኩል ወይም እጅግ የተቀራረቡ ከሆኑ ዲስኮቹ አብረው ነበሩ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ የቀረው ቀድሞ የወደቀው ነው። «ክሬት» የሚለውን ግን ለማዳን ብላችሁ አትንኩ። የዲስኮቹ ተራ፣ የሜታዳታው ዓይነት፣ መረጃው የሚጀምርበት ቦታ፣ አንዱ እንኳ ከድሮው ከተለየ የሚሠራው ሬድ ሌላ ሬድ ነው።

ሌላ የተለመደ ነገር አለ፤ ቶሎ ልለፈው። ማታ ኤምዲ ዜሮ ብላችሁ የሠራችሁት ሬድ ጠዋት የለም፤ ኤምኬኤፍኤስ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። ሬዱ የትም አልሄደም፤ ስሙ ኤምዲ 127 ሆኖ ተነሥቷል። ማሽኑ ሲነሣ የሬዱን ስም የሚነግረው መዝገብ ስላላገኘ ከላይኛው ቁጥር ሰጥቶታል። መፍትሔው ኤምዲአድም «ዲቴይል ስካን» ሲባል የሚያወጣውን መስመር ኤምዲአድም ኮንፍ ፋይል ውስጥ ማስገባት ነው፤ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ኢኒትራምኤፍኤሱን ማደስ። ኤፍኤስታብ ውስጥም በኤምዲ ቁጥር ፈንታ ዩዩአይዲውን ጻፉ።

የድሮ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ትልልቅ ዲስኮችን ስታስሩ «መጠኑ በ32 ቢት ሊገለጽ አይችልም» የሚል መልስ ሊገጥማችሁ ይችላል። ይህ ንጹሕ ሒሳብ ነው። በ32 ቢት የሚቆጠሩ ብሎኮች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎባይት ሲሆኑ ጣሪያው 16 ቴራባይት ላይ ነው። የኢኤክስቲ 4 መሣሪያዎች፣ ኢ2ኤፍኤስፕሮግስ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በ1.42 እትማቸው ይህን ጣሪያ አነሡት። መልእክቱን ያያችሁት ዛሬ ከሆነ ዲስኩን ተዉትና የሲስተሙን ዕድሜ ጠይቁ።

የሐሰት ድንጋጤም አለ። በኤክስኤፍኤስ ስትዘረጉ «የሎግ ስትራይፕ ዩኒቱ ከ256 ኪሎባይት በላይ ስለሆነ ወደ 32 አስተካክያለሁ» የሚል ነገር ይጽፋል። የኤምዲአድም መደበኛ ቸንክ 512 ኪሎባይት ስለሆነ ነው፤ ሥራው አልተበላሸም። ኤምዲስታት ላይ «አውቶ ሪድ ኦንሊ» የሚል ጽሑፍ ብታዩም እንዲሁ ነው። ሬዱ እስካልተጻፈበት ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ኤምኬኤፍኤስ የመጀመሪያዋን ብሎክ ሲጽፍ በራሱ ይነቃል። «ሪድ ኦንሊ» ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ያደረገው ሰው ወይም ስህተት አለ።

የቀረኝ ከሁሉም የምፈራው ነው። ትዕዛዙ እሺ ብሎ ይጀምራል፤ የአይኖድ ሠንጠረዦችን እየጻፈ ቁጥሩ ይሮጣል፤ ከዚያ ይቆማል። ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። በመጨረሻ ሱፐርብሎኮቹን መጻፍ ተቸግሬያለሁ ብሎ ይወጣል። እዚህ ላይ የሬድ ጥበብ አይረዳችሁም፤ ብረቱ ራሱ ታሟል። ስማርትሲቲኤል የሚባለውን መሣሪያ በየዲስኩ ላይ አሂዱ። «ፔንዲንግ ሴክተር» የሚለው ቁጥር ከዜሮ ከበለጠ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ። «ሲአርሲ» የሚለው ስህተት እየጨመረ ከሄደ ግን ዲስኩን ከመጣላችሁ በፊት ገመዱን ለውጡ። በአንድ ርካሽ ገመድ ምክንያት ስንት ጤነኛ ዲስክ ተጥሏል!

ከዚህም የረቀቀ አለ። ለቤት ኮምፒውተር የተሠራ ዲስክ አንድ ሴክተር ማንበብ ሲያቅተው ተስፋ አይቆርጥም፤ ከደቂቃ በላይ ደጋግሞ ይሞክራል። ነጠላ ሆኖ ሲሠራ ይህ በጎ ጠባይ ነው፤ ቅጂው ሌላ ቦታ የለማ። የሊኑክስ ከርነል ግን ለአንድ ትዕዛዝ 30 ሰከንድ ብቻ ይጠብቃል። ጊዜው ሲያልፍ ዲስኩ ሞቷል ብሎ መሥመሩን ያቋርጣል፤ ሬዱም ዲስኩን ያስወጣዋል። ዲስኩ ግን አልሞተም፤ አንዲት ሴክተር ላይ እየታገለ ነበር። ለሰርቨር የተሠሩት ዲስኮች በ7 ሰከንድ ገደማ ውስጥ «አልቻልኩም» ይላሉ፤ ሬዱም የጎደለውን ከሌሎቹ አስልቶ ይጽፍላቸዋል። ቶሎ አልቻልኩም የሚል ሠራተኛ ከማይመልስ ሠራተኛ የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው። ዲስካችሁ የሚፈቅድ ከሆነ በዚያው በስማርትሲቲኤል የ7 ሰከንዱን ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል። የማይፈቅድ ከሆነ የከርነሉን ትዕግሥት ከ30 ወደ 180 ሰከንድ አሳድጉት። ብዙዎቹ ዲስኮች ገደቡን ማሽኑ ሲጠፋ ስለሚረሱት በየማስነሻው የሚያስቀምጥ ትንሽ ስክሪፕት ጻፉ። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት ሦስት ዲስክ «ሞተ» ብዬ አስወጥቻለሁ፤ ከሦስቱ ሁለቱ በኋላ ሰው ቤት ቪዲዮ ተጭኖባቸው ለዓመታት ሠርተዋል።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። «እምቢ አለኝ» የሚል ይቆይ፤ መልእክቱን ቃል በቃል ጽፎ የመጣ፣ ኤምዲስታትንም ያየ፣ ቅድሚያ አለው።